ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ላብ አደር



የሠራተኞች ቀን፣ ሚያዝያ 23፣ በመጣ ቁጥር የምናስበውን ሠራተኛ ሁላችንም እናውቀዋለን። የስኳር ፋብሪካው፣ የጨርቃ ጨርቁ፣ የባቡሩ፣ የግንባታው ሠራተኛ ነው። እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለ ሌላ ሠራተኛ ልናገር ነው። ይህ ሠራተኛ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ይውላል። እናንተና እኔ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ የምንጽፈውን ያነባል፤ የምንለጥፈውን ቪዲዮ ያያል፤ አይቶም «ይቆይ» ወይም «ይውረድ» ብሎ ይፈርዳል። ቢሳሳት ሰው ሊሞት ይችላል። ባይሳሳትም በየቀኑ የሚያየው ነገር ራሱን ያሳምመዋል። ስሙን አናውቅም። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩንም አናውቅም፤ ማሽን የሚሠራው ነው የሚመስለን።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ባለፉት ዓመታት በአገራችን ስለ ጥላቻ ንግግር፣ ስለ ሐሰት ወሬ፣ ስለ ኢንተርኔት መዘጋት ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶች የፖለቲካ ጉዳይ ነው አሉ፤ ሌሎች የቴክኖሎጂ ጉዳይ ነው አሉ። እኔ ከሁሉ በፊት የሥራ ጉዳይ ነው እላለሁ። ቋንቋችንን የሚያነብ ሰው በበቂ ቁጥር አልተቀጠረም። የተቀጠረውም ጥቂት ተከፍሎት፣ ከዓይን ተሰውሮ ሠራ። ልደራጅ ሲል ተበተነ። የዚህን ሁሉ ዋጋ የከፈለው አገር ነው።

(ከሚያዝያ 23 በቀር ወራቱንና ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በአዋጅ ቁጥር ውስጥ የተጻፈው ዓመት ግን በእኛ ነው።)

ከናይሮቢ ልጀምር። ሳማ የሚባል ኩባንያ አለ። መነሻው ካሊፎርኒያ ነው፤ በ2008 ሲቋቋም ዓላማው ለድኻ አገር ወጣቶች በኮምፒዩተር የሚሠራ ሥራ ማምጣት ነበር። ከ2019 ጀምሮ የፌስቡክን የይዘት ቁጥጥር ሥራ በኮንትራት ይዞ የአፍሪካን ቋንቋዎች የሚችሉ ወጣቶችን ናይሮቢ ላይ ሰበሰበ። የኬንያ ልጆች ነበሩ፤ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከኡጋንዳ፣ ከሶማሊያ የመጡ ነበሩ፤ ከእኛም አገር የሄዱ ነበሩ። የእኛዎቹ የሚያነቡት የእኛኑ ነው። የሰሜኑ ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ ከሰሜን ኢትዮጵያ የሚወጣውን የሬሳ፣ የቃጠሎ፣ የዛቻ ምስል ቁጭ ብለው ያዩ ነበር። አስቡት፤ ወላጆቹ ጦርነቱ ባለበት አካባቢ የሚኖሩበት ልጅ፣ ስልክ ተቋርጦ ድምፃቸውን መስማት ያቃተው ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ የሚመጣለት ቪዲዮ ከዚያው ምድር ነው።

ታይም መጽሔት በየካቲት 2022 ይህን ቤት ገልጦ ለዓለም አሳየ። አንዳንዶቹ ሠራተኞች በሰዓት እስከ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ዝቅ ያለ ክፍያ ያገኙ እንደነበር ጻፈ። አንዱን ጉዳይ አይቶ ለመወሰን የሚጠበቅባቸው ጊዜ 50 ሰከንድ ያህል መሆኑንም ጻፈ። ሃምሳ ሰከንድ! በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ክርክር በሃምሳ ሰከንድ አይነበብም፤ ተነቦም አይፈረድበትም። የእኛ ሰው ሲሳደብም ሲያስፈራራም በቀጥታ አይናገርም። በተረት ይናገራል፣ በቅጽል ስም ይናገራል፣ የአካባቢው ሰው ብቻ በሚያውቀው ታሪክ ይናገራል። ይህን ለመለየት ቋንቋ ማወቅ አይበቃም፤ አገር ማወቅ፣ ሰሞኑን የሆነውን ማወቅ፣ ረጋ ብሎ ማሰብ ይጠይቃል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። ክፍያውና ሰዓቱ ግን እንደ ባለሙያ አላያቸውም።

ዳንኤል ሞታውንግ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ በ2019 እዚያ ተቀጠረ። በሥራው መጀመሪያ ካያቸው ቪዲዮዎች አንዱ የሰው አንገት ሲቀላ የሚያሳይ እንደነበር በአደባባይ ተናግሯል። ባልደረቦቹን አስተባብሮ የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አነሣ፤ ተባረረ። በግንቦት 2022 የፌስቡክን ባለቤት ሜታንና ሳማን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። ሜታ እኔ ኬንያ ውስጥ አልሠራም፣ ቀጣሪያቸውም አይደለሁም፣ ስለዚህ እዚህ ልከሰስ አይገባም ሲል ተከራከረ። ሳማ ደግሞ በ2023 መጀመሪያ ከይዘት ቁጥጥር ሥራ እንደሚወጣ አስታወቀ፤ 260 ያህል ሰዎች ሥራ ሊያጡ ሆነ። በዚያው ዓመት ከ180 በላይ የሚሆኑ ሠራተኞች ሁለተኛ ክስ መሠረቱ። ከሥራ የተሰናበትነው ከሕግ ውጪ ነው፤ ሥራውን ለተረከበው ኩባንያም እኛን እንዳይቀጥር ተነግሮታል አሉ።

የኬንያ ፍርድ ቤቶች የሰጡትን መልስ በደንብ እንድትሰሙልኝ እፈልጋለሁ፤ ለእኛም ስለሚጠቅም። በየካቲት 2023 የሥራ ክርክር ፍርድ ቤቱ ሜታ ሊከሰስ ይችላል ብሎ ወሰነ። ኩባንያው ይግባኝ አለ። በመስከረም 2024 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ያንኑ አጸና። ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ገና ነው። ነገር ግን አንድ ትልቅ በር ተከፈተ፦ ቀጣሪው ሌላ ነው በሚል ሽፋን፣ ሥራውን የሚያዝዘውና ከሥራው የሚያተርፈው ድርጅት ከፍርድ ፊት መሰወር አይችልም ተባለ። አንድ የአፍሪካ ፍርድ ቤት በዓለም ካሉት ኃያላን ድርጅቶች አንዱን «እዚህ ና፤ እዚህ መልስ ስጥ» ሲለው ጉዳዩን በቅርብ የተከታተሉት የሕግ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ እኛም መከታተል ነበረብን።

በ2024 መጨረሻ ደግሞ ከሳሾቹን የመረመረ የኬንያ የአእምሮ ሐኪም ያዘጋጀው ሪፖርት ለፍርድ ቤቱ መቅረቡ ተዘገበ። ከ140 በላይ የሚሆኑት ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ በሚመጣ ከባድ የአእምሮ ጭንቀት ይሠቃያሉ ይላል። እንቅልፍ የራቃቸው፣ ትዳራቸው የፈረሰ፣ ሰው መሐል መቀመጥ የከበዳቸው አሉ። አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ የሠሩ ሰዎች ከከሰሱ በኋላ ፌስቡክ በ2020 የ52 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ፈርሟል። ጉዳቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ኩባንያውም ያውቀዋል። የካሊፎርኒያው ሠራተኛ ሕመም ካሣ ካስገኘ የናይሮቢው፣ የአዲስ አበባ ተወላጁ ሕመም የማያስገኝበትን ምክንያት ማንም ሊያስረዳኝ አልቻለም።

ከእኛ ወገኖች መካከል ደግሞ አንዳንዶቹ ሌላም ነገር ገጥሟቸዋል። የታጣቂዎችን ቪዲዮ በማውረዳቸው ከኢትዮጵያ ዛቻ እንደ ደረሳቸው፣ አቤት ሲሉም ተገቢውን ጥበቃ እንዳላገኙ በፍርድ ቤት ሰነዶች ላይ ሰፍሯል። አንድ ዳኛ እንዲህ ዛቻ ቢደርስበት ፖሊስ ይመደብለታል። በቀን ከዳኛ በላይ ፍርድ የሚሰጥ ይህ ወጣት ግን ማን አለው?

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በጥቅምት 2021 በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር በሆኑ አንድ የትግራይ ተወላጅ ላይ ፌስቡክ ላይ ጽሑፍ ወጣ። ፎቷቸው፣ ስማቸው፣ የሚኖሩበት ቦታ ተጠቀሰ፤ ከባድ ክስም ተለጠፈባቸው። ልጃቸው እንደሚለው ጽሑፎቹ እንዲነሱ በተደጋጋሚ ሪፖርት አደረገ። ኅዳር 3 ቀን 2021 ፕሮፌሰሩ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ከጽሑፎቹ አንዱ የድርጅቱን ደንብ ይጥሳል የሚለው መልስ ለልጃቸው የደረሰው ከተገደሉ ከስምንት ቀን በኋላ ነው። ጽሑፍ ብቻውን ሰው አይገድልም፤ የገደለው ጥይት የተኮሰ እጅ ነው፤ ያ እጅ በሕግ ሊጠየቅ ይገባዋል። ሆኖም አድራሻ ጽፎ ሰው የጠቆመም አለ፤ ጥቆማው እንዲነሳ ሲለመን ዝም ያለም አለ።

ልጃቸው በታኅሣሥ 2022 ከሌላ አንድ ከሳሽና ካቲባ ኢንስቲትዩት ከተባለ የኬንያ የሕግ ተቋም ጋር ሆኖ ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። በሚያዝያ 2025 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ይህን ጉዳይ ባነበብኩ ቁጥር ልቤን የሚነካው የተጠየቀው ዳኝነት ነው። ለተጎጂዎች የሚሆን ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሣ፣ ይቅርታ፣ ጥላቻን አጉልቶ የሚያሠራጨው አሠራር እንዲቀየር ተጠይቋል። ከእነዚህ ጋር ደግሞ ናይሮቢ ላይ በቂ የይዘት ተቆጣጣሪዎች እንዲቀጠሩ ተጠይቋል። አባቱ የተገደለበት ልጅ ፍርድ ቤት ቆሞ ሠራተኛ ይቀጠር አለ። ከኛ ሁሉ በፊት ነገሩ የሥራ ጉዳይ መሆኑን የተረዳው እርሱ ነው።

ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማየት ደግሞ አንድ ሌላ ጽሑፍ እንመልከት። በሐምሌ 2021 መጨረሻ አንድ ሰው በአማርኛ ጻፈ። ሕወሓት በራያ ቆቦና በሌሎች የአማራ ክልል ከተሞች ሴቶችንና ሕፃናትን ገድሏል፣ ደፍሯል፣ ንብረት ዘርፏል፤ የትግራይ ተወላጅ ሲቪሎችም ተባብረዋል የሚል ነው። ጽሑፉ 5,000 ጊዜ ያህል ታየ። የድርጅቱ ሰው ሠራሽ ሥርዓት በአማርኛ የተጻፈውን ለይቶ አጠራጣሪ ነው አለ። አንድ ተቆጣጣሪ አይቶ አወረደው። ጸሐፊው ይግባኝ አለ፤ ሁለተኛ ተቆጣጣሪ አይቶ የመጀመሪያውን ውሳኔ አጸና። ጸሐፊው የሜታ ተቆጣጣሪ ቦርድ ወደሚባለው አካል ሄደ። ቦርዱ ጉዳዩን ሲመርጠው ሜታ ራሱ «ማውረዴ ስሕተት ነበር» ብሎ ጽሑፉን መለሰው። ቦርዱ በታኅሣሥ 2021 ውሳኔ ሲሰጥ ደግሞ የለም፣ መውረድ ነበረበት አለ። በጦርነት መሐል አንድን ሕዝብ ያለ ማረጋገጫ በወንጀል ተባባሪነት መክሰስ ሰላማዊ ሰዎችን ለጥቃት ሊያጋልጥ ይችላል የሚል ነበር ምክንያቱ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በአንድ ጽሑፍ ላይ «ይውረድ፣ ይውረድ፣ ይቆይ፣ ይውረድ» ተባለ። በመጨረሻ ትክክል ሆነው የተገኙት መጀመሪያ ያዩት፣ በቋንቋው የሚኖሩት ሁለት ሠራተኞች ናቸው። ከበላያቸው ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው የተንገዳገደው። በሌላ በኩል ግን ጸሐፊው የሰማውን ግፍ ሊናገር የፈለገ ሰውም ሊሆን ይችላል። በዚያ ጦርነት በአማራ ክልልም፣ በትግራይም፣ በአፋርም ግፍ ተፈጽሟል፤ የተጎዳው ወገን ሁሉ የመጮህ መብት ነበረው። ግፍን መናገርን ሕዝብን ከመፈረጅ መለየት፣ ጩኸትን ሳያፍኑ ጥቆማን ማስቆም፣ ይህ ነው የዚያ ወጣት የዕለት ተዕለት ሥራ። እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ ኃላፊነት የሚጠይቅ ሥራ በአገራችን ብዙ አላውቅም።

ታዲያ ለዚህ ሥራ የተመደበው ገንዘብ የት ሄደ? ፍራንሲስ ሆገን የተባለችው የቀድሞ የፌስቡክ ባልደረባ በ2021 ያወጣቻቸው ሰነዶች ይህን ይነግሩናል። የተሳሳተ መረጃን ለመለየት ከሚውለው የድርጅቱ ዓለም አቀፍ በጀት 87 ከመቶው ለአሜሪካ ብቻ የተመደበ ነበር። በየቀኑ ፌስቡክ ከሚጠቀመው የዓለም ሕዝብ ግን አሜሪካውያኑ ከ10 ከመቶ ብዙም አይበልጡም። እኛ፣ ሕንድ፣ ምያንማር፣ ብራዚል፣ መላው አፍሪካና የቀረው ዓለም በሙሉ የቀረችውን 13 ከመቶ እንካፈላለን። ይህችው ሴት በጥቅምት 2021 ለአሜሪካ ሴኔት ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም ጠቅሳለች። ሜታ በበኩሉ በዚያው ዓመት ኅዳር ባወጣው መግለጫ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በትግርኛ መቆጣጠር እችላለሁ አለ፤ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ፌስቡክ የሚጠቀመው ከ10 ከመቶ እንደማይበልጥም አስታወሰ። አገራችንን የሚያውቅ ሰው ይህን ሁለተኛውን እንደ ማጽናኛ አይቀበለውም። እኛ ዘንድ አንድ ስልክ ላይ የተነበበ ወሬ ገበያ ይደርሳል፣ ለቅሶ ቤት ይደርሳል፣ ጠላ ቤት ይደርሳል። አንባቢው አንድ ሲሆን ሰሚው መቶ ነው።

«ችግር የለም፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እየመጣ ነው፤ ሰው የሚያደርገውን ማሽን ያደርገዋል» የሚሉ አሉ። እዚህ ካላችሁ ተማሪዎች መካከልም እንዲህ የምታስቡ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ማሽኑ ከየት ይማራል ብላችሁ ጠይቁ። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2022 ወጥቶ ዓለምን ባስደነቀ በሁለተኛው ወር ታይም ሌላ ዘገባ ይዞ መጣ። ይህ ሥርዓት ስድብን፣ የሕፃናት ጥቃትን፣ ጭካኔን ለይቶ እንዲያውቅ ጽሑፍ ሲያነቡ፣ ምልክት ሲያደርጉ የነበሩት እዚያው ሳማ ውስጥ የሚሠሩ ኬንያውያን ነበሩ። በእጃቸው የሚገባው በሰዓት ከ1 ዶላር ከ32 ሳንቲም እስከ 2 ዶላር ነበር። ማሽኑ ትሑት አፍ ያገኘው እነዚያ ሰዎች የዓለምን ቆሻሻ ስላነበቡለት ነው። ሰው ከሥራው አልወጣም፤ ከዓይናችን ይበልጥ ራቀ እንጂ።

ይህ ለእኛ የወደፊት ጉዳይ ነው። መንግሥታችን በ2024 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን ኮድ ለማስተማር መርሐ ግብር ጀምሯል። መልካም ነው፤ ልጆቻችን ይማሩ። ነገር ግን ከሥልጠናው በኋላ የሚጠብቃቸው ሥራ ምንድን ነው? የሁሉም ዕጣ ሶፍትዌር መሥራት አይሆንም። ለብዙዎች የሚመጣው ይኸው መረጃ መለየት፣ ምስል ላይ ምልክት ማድረግ፣ ድምፅ መገልበጥ፣ የሰው ጽሑፍ መቆጣጠር ነው። የአማርኛን፣ የኦሮምኛን፣ የትግርኛን ማሽን የሚያሠለጥኑት እነርሱ ይሆናሉ። በምን ደመወዝ? በማን ሕግ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጃችን፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ያዛል፤ ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን ቦርድ የሚቋቋምበትንም መንገድ ከፍቷል። አገር አቀፍ የደመወዝ ወለሉ ግን ወረቀት ላይ እንደቀረ ነው። ወለል በሌለበት ቤት ውስጥ ሥራ አመጣሁላችሁ የሚል ሁሉ የፈለገውን ይከፍላል።

«በሰዓት ሁለት ዶላር እኮ ለእኛ አገር ጥሩ ነው» የሚል መልስ እሰማለሁ። ሥራ አጥ ልጅ ላለው ወላጅ ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ሥራው የሚያስከትለውን ሕመም ማን ያስታምማል? የታመመው ልጅ የሚመለሰው ወደ እናቱ ቤት ነው። የሕክምናውን ወጪ የሚሸከመው ቤተሰቡ ነው፣ ከዚያም የሕዝብ ሆስፒታሉ ነው። ትርፉ ካሊፎርኒያ ሲቀር ሕመሙ እኛ ጋ ይመጣል። እንዲህ ከተቆጠረ ሁለቱ ዶላር በጣም ትንሽ ነው።

ስለ መንግሥትም ሳልናገር ብቀር አደባባዩን አላከበርኩትም። መንግሥት ለዚህ ሁሉ የሰጠው ዋና መልስ መዝጋት ነው። በሰኔ 2019 ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ላይ ባለሥልጣናት ሲገደሉ ኢንተርኔት ተዘጋ። በሰኔ 2020 መጨረሻ ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ለሳምንታት ተዘጋ። በኅዳር 2020 የትግራይ ሕዝብ ከዓለም ተቆረጠ፤ ሁለት ዓመት ያህል ልጅ ከእናቱ ጋር መነጋገር አልቻለም። በየካቲት 2023 ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም በመላው አገሪቱ ታግደው እስከ ሐምሌ ቆዩ። በነሐሴ 2023 ደግሞ የአማራ ክልል ተራ ደረሰው። ኢንተርኔት ሲዘጋ የሚነገረን ምክንያት የሕዝብ ደኅንነት ነው። እኔ የማየው ግን የባንክ ደንበኛው መቸገሩን፣ ተማሪው ማመልከቻው ማለፉን፣ ዘመድ ስለ ዘመዱ መርዶ በወር መስማቱን፣ ግፍ የደረሰበትም ሰው ማስረጃውን ማሳየት አለመቻሉን ነው። በጨለማው ውስጥ የሆነው ሁሉ ዘግይቶ ነው የተሰማው።

የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይጠብቃል። ሰዓቱ ተጻፈ፤ በዚያ ሰዓት ውስጥ አንብቦ የሚወስነው ሰው ግን አዋጁ ውስጥ የለም። ማን ይሁን? በምን ብቃት? ባለሥልጣን ሲደውልለት እምቢ የማለት ዋስትና አለው? እነዚህ ጥያቄዎች ካልተመለሱ 24 ሰዓቱ ለጥላቻ ተናጋሪው ሳይሆን ለመንግሥት ተቺው ይውላል የሚል ሥጋት አለኝ፤ ሥጋቴንም የሚጋሩ ጋዜጠኞች ብዙ ናቸው። ኩባንያው በመስነፉ ገዳዩ መንገድ አገኘ፤ መንግሥት በመዝጋቱ ሁሉም መንገድ አጣ። ሁለቱም ያልሞከሩት አንድ ነገር አለ፦ በቂ ሰው፣ በደንብ የሠለጠነ፣ በደንብ የተከፈለው፣ ከኩባንያውም ከካድሬውም ፍርሃት ነፃ የሆነ ሰው ማሠራት።

ከዚህ በፊትም እንዲህ ያለ ቦታ ቆመን ነበር። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 ማምረት ሲጀምር ባለቤቱ ኤችቪኤ የሚባል የሆላንድ ኩባንያ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሸንኮራ ይቆርጡለት፣ ማሽን ያንቀሳቅሱለት ጀመር። በ1955 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመደራጀት መብት አለ ቢልም በሥራ ላይ የሚያውለው ሕግ አልነበረም። የባቡር ሠራተኞችም ድሬዳዋ ላይ ተመሳሳይ ችግር ነበረባቸው። ሠራተኞቹ ግን ሕጉን አልጠበቁም። በመረዳጃ ስም ተሰበሰቡ፣ አቤቱታ ጻፉ፣ ሥራ አቆሙ፣ ታሠሩ፣ ተባረሩ። ሕጉ የመጣው ከእነርሱ በኋላ ነው፤ በ1962 ድንጋጌ፣ በ1963 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 210 ወጣ፤ በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁት የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች የዚያ ትውልድ ወራሾች ናችሁ።

በግንቦት 1 ቀን 2023 ማለትም በዚሁ በዓላችን ቀን ከ150 በላይ የሆኑ ሠራተኞች ናይሮቢ ላይ ተሰብስበው የአፍሪካ የይዘት ተቆጣጣሪዎች ማኅበር እንዲቋቋም ድምፅ ሰጡ። ለፌስቡክ፣ ለቲክቶክና ለቻትጂፒቲ የሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም ውስጥ የእኛ አገር ሰዎች አሉ። ዜናው በዓለም ሲናኝ በእኛ መገናኛ ብዙኃን ያገኘው ቦታ ትንሽ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄዎቼን ላቅርብ። ኩባንያዎቹ በየቋንቋችን ስንት ተቆጣጣሪ እንዳላቸው ቁጥሩን ያውጡ። ስንት ሰው አማርኛ፣ ስንት ሰው ኦሮምኛ፣ ስንት ሰው ትግርኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ሲዳምኛ ያነባል? ይህ የንግድ ምስጢር ሊሆን አይገባም፤ የመቶ ሚሊዮን ሕዝብ ደኅንነት ነው። ምክር ቤታችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ሲያሻሽል በኮንትራት የሚያሠራውን ዋናውን ድርጅት ከቀጣሪው እኩል ተጠያቂ ያድርግ፤ የአእምሮ ጉዳት በሥራ ላይ ከሚደርስ ጉዳት ተራ በግልጽ ይቆጠር፤ የደመወዝ ወለሉም ከወረቀት ይውረድ። አዋጅ 1185 ላይ የሚወስነው አካል ከአስፈጻሚው ነፃ ይሁን፤ ኢንተርኔት ለመዝጋት ደግሞ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ግዴታ ይሁን። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የቋንቋና የሥነ ልቡና ክፍሎቻቸውን አስተባብረው ይህን ሥራ እንደ ሙያ ያስተምሩት።

ለኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን መሪዎች ደግሞ የተለየ ልመና አለኝ። ናይሮቢ ላይ በክስ ላይ ያሉት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ዛሬ ሥራ የላቸውም፤ አንዳንዶቹ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን በተመለከተ ተጨንቀዋል፤ አንዳንዶቹ ታመው አገራቸው ገብተዋል። ጠበቃ፣ ሐኪምና አለኝታ የሚሆን ማኅበር ያስፈልጋቸዋል። ልዑካችሁን ልካችሁ አግኟቸው፤ በአባልነት መዝግቧቸው፤ የሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ 23 ሲከበርም ከእነርሱ አንዱን ወይም አንዷን እዚህ መድረክ ላይ አውጥታችሁ አናግሩን።